ከኮርኒሱ በላይ

ሰኔ 14፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለልጄ አባት፣

ጤናህን ሳልጠይቅ ብጀምር ስለምትቀየመኝ ይኸው ጠየቅሁ። እኔ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ትናንት የትምህርት ቤታችሁ ዳይሬክተር ቤት ድረስ መጡ። ይቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ። «የተቃጠለውን ላቦራቶሪ ለማደስ ኮርኒሱን ሲያፈርሱት፣ እሳቱ የተነሳው እዚያው ውስጥ ሆኖ ተገኘ። የመብራቱ ገመድ ቀልጧል። ልጁ የለበትም፤ ይቅርታ ያድርጉልን» አሉኝ።

የለበትም! ልጁማ ጭራሽ የለም።

ያን ጊዜ፣ ላቦራቶሪውን ያቃጠለው እሱ ነው በተባለ ሰሞን፣ ከዲሲፕሊን ኮሚቴው ስብሰባ ደረትህን ነፍተህ ነበር የመጣኸው። «ልጄ ነው ብዬ አላዳላሁም፤ ይባረር ብዬ እጄን አወጣሁ» አልከኝ። ልጃችን ከላቦራቶሪው በኩል ሲመጣ ዘበኛው አይቶታል፣ ሸሚዙ ጋዝ ጋዝ ይሸታል፣ ስለዚህ ነገሩ ወደ እሱ ያጋድላል። ጠዋት ቡታጋዛችንን ሲጠግን እንደነበር ብነግርህ «እናት ሌላ ምን ትላለች!» ብለህ አለፍከኝ። የኬሚስትሪ መምህሩ «ኮርኒሱ ይፈተሽና እንወስን» ቢል፣ «ሚዛኑ ካጋደለ ምን እንጠብቃለን?» ያልከውም አንተው ነህ።

አዎ፣ አጋድሎ ነበር፤ አልክድህም። ግን ባዶ ሚዛን እኮ ዝንብ ስታርፍበትም ያጋድላል! አንተ፣ ለሰው ልጅ ሎጂክ የምታስተምር ሰው፣ ወዴት አጋደለ ብለህ ስትጠይቅ፣ ምን ያህል ተጭኖበት ነው ብለህ አልጠየቅህም። አንድ ዓይንና አንድ ሸሚዝ ይዘህ ፈረድክ።

በማግስቱ ምሳ ቀርቦ፣ «አባዬ፣ እውነት እኔ ነኝ ብለህ ታምናለህ?» አለህ።

«የእምነት ጉዳይ አይደለም፤ የማመዛዘን ጉዳይ ነው» አልከው።

የቤቱን ቁልፍ ከሰሃኑ አጠገብ አስቀምጦ ወጣ። ምሳው እንደቀረበ ቀረ። አንተም ወር ሳይሞላ የውጭ ሥራህን ይዘህ ሄድክ፤ ቤቱን ለእኔና ለዝምታው ትተህ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ፣ እንደ ቀልድ አድርገህ፣ «ቢመለስ ይቅር የሚለኝ ይመስልሻል?» ብለሃል። ግማሽ በግማሽ ነው ልልህ እችላለሁ፤ ቁጥር ስለምትወድ ደስ ይልሃል። ግን አትደገፍበት። ልቡን አይቼ ያመጣሁት ግማሽ አይደለም፤ ምንም ባላውቅ የምለው ግማሽ ነው። ስልኩ አይጠራም። ጓደኞቹ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ሆስፒታል ሄደሽ ጠይቂ አለኝ። በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ከዚህ በላይ አታስጽፈኝ።

ሲበርድ አንገትህን ሸፍን፤ ሳልህን አውቀዋለሁ። ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥህ፤ ልጅህ ፊት ቆመህ «ተሳስቻለሁ» እስክትል የሚያደርስ ዕድሜ። ለእሱም እንደዚያው።

የልጅህ እናት