አገረ ገዥውና የሐሙስ ቀጠሮዬ

ሰኞ

ዛሬም ገዥው በምርጫ ተሸነፈ። ሁለተኛው ነው። ባሌ ጀማል የሚተረጉመው የአንድ አሜሪካዊ አገረ ገዥ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ቤቴ ገብቶ ተቀምጧል። ጀማል በእጁ ይጽፋል፣ እኔ የጽሕፈት አገልግሎት በምሰጥባት ሱቄ ውስጥ በኮምፒውተር እተይባለሁ።

መብራት ሁለቴ ጠፋ። ሰውዬው ጥብቅና የተማረበት ምዕራፍ በሙሉ ጠፋብኝ። በዚህ ሙቀት እንደገና አስተማርኩት።

ሐሙስ ጠዋት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ። ከጡቴ እብጠት ናሙና ሊወስዱ ነው። ለጀማል ነገርኩት፣ «እሺ» አለ። ምን እንደሰማ እንጃ።

ማክሰኞ

ተመረጠ። ተገላገልኩ ብዬ ነበር፤ ለካ ከተመረጠ በኋላ ይብሳል። የመንገድ ግብር፣ የባቡር ክርክር፣ የእስር ቤት ጥገና፣ ሁሉም በእኔ ጣት።

ከምሳ በኋላ የጀማል ጓደኞች ለበርጫ ሳሎናችን ተሰበሰቡ። አነበበላቸው። ጫታቸውን ይዘው ለሰውዬው ሚኒስትር ሲሾሙለትና ሲሽሩለት ዋሉ። አንዱማ ግብሩ በዝቷል ብሎ ተቆጣ። ስለ ሐሙስ ግን ጀማል አንድ ቃል አልጠየቀኝም።

ረቡዕ

የገዥው ሚስት ሞተች። በአንድ መስመር። ትልቁን ድልድይ ሊመርቅ ሲል «ታማለችና ድረስ» የሚል ቴሌግራም መጣለት። መረቀ፣ ንግግር አደረገ፣ ሲመለስ ቀብረዋታል። ጀማል «የሥራ ሰው ማለት ይሄ ነው» አለኝ።

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ስሟ ማነው አልኩት። መጽሐፉ ላይ የለም አለ። የድልድዩ ስም ግን አለ፣ ርዝመቱም ጭምር።

የባሰው ደግሞ አሳታሚው ትርጉሙን የሚፈልገው ነገ ጠዋት ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ገና አልታረመም። «አቦ፣ ልኬ ወዲያው እደርስብሻለሁ» አለኝ። ተቃጠልኩ። ማልቀስም አማረኝ። ጎረቤቴን ሰዓዳን አብረሽኝ ሂጂ አልኳት። ባል እያለኝ ጎረቤት ለመንኩ።

ሐሙስ

ከሰዓዳ ጋር ወረፋ ይዘን ተቀምጠን ሳለ ጀማል መጣ። ላብ አጥምቆታል፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል። ላክህ ወይ አልኩት።

«ድልድዩ ይጠብቅ» አለ።

ስጠራ ቦርሳዬን ተቀብሎኝ እስከ በሩ ሸኘኝ። መርፌው ያማል። ስወጣ እዚያው ቆሞ ነበር።

ውጤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ፈርቻለሁ። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ስለ ገዥው ሁለተኛ የሥልጣን ዘመን ማውራት ጀመረ። ደሜ ፈላ። ዝም በል ልለው ስል፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሦስቴ ደገመው፤ እጄንም ጨብጦ አልለቀቀም። ያውራ ብዬ ተውኩት።