ክር የምበጥስበት ጥርስ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ሻይ ሻጭ ልከሳት ነው። የምትሸጠው ሻይ አይደለም፣ የቀለጠ እርሳስ ነው። ዛሬ አንዴ ፉት ብዬ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ። ሌሎቹ በሰላም ይጠጣሉ... አፋቸው የጫማ ቆዳ ነው መሰለኝ።

"ምነው ጋሼ፣ ፊትዎ ተጨማደደ?"

"ሻይሽ ጥርስ ውስጥ አስገብቶኛል።"

ሳቀች። ብርጭቆው ከቀዘቀዘ በኋላም ሕመሙ አልለቀቀኝም። ከላይኛው የፊት ጥርሴ ተነስቶ አፍንጫዬ ሥር ድረስ። እሱ ደግሞ ክር የምበጥስበት ጥርስ ነው። ሠላሳ ዓመት ልብስ ስሰፋ ክር ለመበጠስ መቀስ አንስቼ አላውቅም። ጥርስ እያለ?

ጥፋቱ የሻይዋ ነው። በቃ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

እህቴ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ልጅቷ ጉንጯ አብጧል። ያንተ ሥራ ነው!"

"እኔ ልብስ እንጂ ጉንጭ አልሠራም" አልኳት። አልሳቀችም።

ሚጢጢዬ... ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ዛሬ በቁመት ትበልጠኛለች፣ አርባ ተማሪ በአንድ እይታ ዝም የምታሰኝ አስተማሪ ናት። የታች መንጋጋዋን ካመማት ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ሐኪም አይቷት "የሥር ሕክምና ያስፈልግሻል፣ አትቆዪ" ብሏታል። እሷ ግን ማስታገሻ እየዋጠች ተቀምጣለች።

ለምን? ሰባት ዓመቷ ሳለ አጎቷ አንድ ተረት ስለነገራት። የጥርስ ሐኪሙ ነርቩን እንደ ክር ጎተተ፣ ጎተተ፣ በማጠንጠኛ ጠቀለለ... የሰውየው የእግር ጣት እስኪታጠፍ ድረስ። ያን ቀን ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "ይሄ ሰውዬ ጥርስ አያስከድንም!" አሉ። እሷስ ስቃ ነበር? አላስታውስም። ማስታወስ ነበረብኝ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

እህቴ ቤት ሄድኩ። ሚጢጢ ጉንጯን በሻርፕ አስራ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች።

"ያን ተረት እስካሁን ታምኛለሽ እንዴ?"

"አላምንም። ግን እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ የእግሬ ጣት ይታጠፋል።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

"ሻይህ ቀዘቀዘ፣ አጎቴ።"

"ቀዝቃዛ እወዳለሁ።"

"ከመቼ ወዲህ?"

ኮራጅ ተማሪ ስትይዝ የኖረች ልጅ ናት። አየችኝ፣ አየችኝና... "አንተንም ያምሃል አይደል? እንግዲያው መጀመሪያ አንተ ሂድ። ከዚያ ትመክረኛለህ።"

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ለቀቀኝ! ትኩስ ሻይ ጠጣሁ። ምንም። ጥርሴ ራሱን አከመ። ሚጢጢ ጋ ደወልኩ። "ዝም ካሉት ይለቃል፣ የኔ ልጅ።"

"የኔም ከትናንት ጀምሮ ዝም ብሏል" አለች። ሁለታችንም ተደሰትን።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

አንድ ደንበኛ ኮቱን እየለካ ነበር። ከኋላው ቆሜ በመስታወቱ ፈገግ አልኩለት። ጥርሴ ጠቁሯል። ሰውየው ሲወጣ ከንፈሬን ገልጬ አየሁ። ድዴ ላይ ብጉር የምትመስል ነገር... ስጫናት መግል ወጣ። ታዲያ ይሄ መዳን ነው?

የራሴስ ይሁን። "ይለቃል" ብዬ የመከርኳት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ጊዜ በአፌ በደልኳት።

ነገ እሄዳለሁ። ወሰንኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ሁሉንም ሳልረሳ ልጻፈው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። አፌን ከፈተችና "ልብስ ሰፊ ነዎት?" አለችኝ።

"ማን ነገረሽ?"

"ጥርስዎ። ጫፉ ላይ ክሩ መንገድ አውጥቷል።"

ከዚያ ራጅ አነሳችኝ። ሥሩ ጫፍ ላይ ጥቁር ጥላ አለ።

"ጥርስ ውስጡ ነርቭና ደም ሥር ያለው ለስላሳ ሥጋ ነው። የእርስዎ በክር ብዛት ተሰንጥቆ ተመርዟል። ሕመሙ የጠፋው ስለዳኑ አይደለም። ነርቩ ሞቶ ነው። መግሉ ግን ሥራ አልፈታም።"

"ኪኒን ስጪኝና ልሂድ።"

"ኪኒን በደም ነው የሚሄደው። እዚያ ውስጥ ደም መዞር ካቆመ በምን ይግባ?"

"እንግዲያው ንቀይው።"

"መንቀል ይቻላል። ግን ሊተርፍ የሚችል ጥርስ ነው። እርስዎ ገበሩ የተበላ ኮት ይጥላሉ?"

ያዘችኝ። ገበር ነው ለካ! የተበላሸውን ከውስጥ ማውጣት፣ ማጠብ፣ ሞልቶ መዝጋት። ውጪው የኔው እንደሆነ ይቆያል።

የደም ግፊት መድኃኒት እንደምውጥ ነገርኳት። ባትጠይቀኝ እደብቅ ነበር... ጅል። መርፌዋ ትቆነጥጣለች፣ ውሸት አልጽፍም። ከዚያ በኋላ ከንፈሬ የሌላ ሰው ሆነ። ውሃውና መሣሪያው ወደ ጉሮሮዬ እንዳይወርድ ጥርሴን ብቻ ብቅ አድርጋ ቀሪውን አፌን በስስ ላስቲክ ሸፈነችው። ከጥርሱ ጀርባ ትንሽ ቀዳዳ ከፍታ ከመርፌ በቀጠኑ ሞረዶች ጠረገች፣ አጠበች፣ እንደገና ጠረገች። አንድ ሰዓት ያህል። ድምፁን ሰማሁ፣ ግፊቱ ተሰማኝ፣ ሕመም ግን የለም።

"ነርቩን አሳዪኝ" አልኳት በኮልታፋ አፌ።

ሞረዱ ጫፍ ላይ አሳየችኝ። ግማሽ ጥፍር የማታህል ጠቋቁራ ጭራ። ይህችን ነው በማጠንጠኛ የጠቀለልኳት? ልጅቷን ሃያ ዓመት ያስፈራሁት በዚህች?

የሚጢጢንም ጠየቅኳት። ፊቷ ኮስተር አለ። "መንጋጋ ሦስት፣ አራት ቀዳዳ ስላለው ሥራው ይረዝማል፣ በኋላም ሽፋን ይፈልጋል። እብጠት ካለ ግን ዝም ማለቱ አያታልላችሁ። ከቆየች ጥርሱን ታጣዋለች። ትኩሳት ከመጣ ወይም መዋጥ ካቃታት ደግሞ ያኑ ቀን ሐኪም ቤት።"

ለኔ በጊዜያዊ መድፈኛ ዘጋችልኝ። የሳምንት ቀጠሮ። "በዚህ ጥርስ ክር እንዳይበጥሱ! ድንዛዜው እስኪለቅም ምንም አያኝኩ፣ ከንፈርዎን ይነክሳሉ።"

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ሲነካ ያመኛል። ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል ብላኛለች። ልክ ናት።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሚጢጢ ጋ ደውዬ ከዚህ ደብተር አነበብኩላት። ላስቲኩን፣ ሞረዱን፣ ጭራዋን። እሑድ ዕለት የነገርኳት ስህተት እንደነበር ጭምር።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። "ይሄኛው ተረት መጨረሻው ምንድን ነው?"

"ተረት አይደለም!"

"አጎቴ፣ ስትቀልድና የምርህን ስትናገር ድምፅህ አንድ ነው።"

ዘጋችው። ሐቋን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድ ኖሬ ዛሬ አንዲት እውነት የሚገዛኝ አጣሁ። እንዴት አድርጌ ላሳምናት?

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

አበላሸሁት! የሱሪ እግር አጥፌ ሰፋሁና፣ እጄ ክሩን ወደ አፌ ወሰደው። እኔ አልወሰድኩትም። ቀጭ! መድፈኛው ምላሴ ላይ።

አያምም። ይሄው ነው ክፋቱ። ሐሙስ እስኪደርስ ዝም ብዬ ብቀመጥስ? ማን ያየኛል?... ግን ያጠበችው ቤት በሩ ተከፍቶ ሊያድር ነው። ለልኬት ብቻ የተያያዘ ኮት ለብሶ የሄደ ደንበኛ ቢኖር ምን እለው ነበር?

ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ሐኪሟ ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ እንደገና ዘጋችልኝ። "ዛሬውኑ መምጣትዎ ነው ያዳነዎት።"

ስመለስ ትንሿን መቀስ በጥብጣብ አሰርኩና አንገቴ ላይ አጠለቅኩ። ሻይ ሻጯ አይታ፣ "ሜዳልያ ተሸለሙ ወይ?" አለችኝ። እያየችኝ ክር ቆረጥኩ። በመቀስ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ተፈጸመ። የጠረገችውን የሥሩን ቦይ እስከ ጫፉ ሞላችው፣ በራጅ አየችው፣ ከጀርባው በቋሚው መድፈኛ ዘጋችው። ብጉሯ ጠፍታለች። ከስድስት ወር በኋላ በራጅ ታየኛለች፤ አጥንቱ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው።

እህቴ ደወለች። የሚጢጢ ጉንጭ እንደገና ማበጥ ጀምሯል። ትኩሳት የላትም። "አንተ አትምጣ፣ ትናደዳለች" አለችኝ።

አልሄድም እንግዲህ። ግን ከዚህ አንገት መቀሱ አይወርድም።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ጠዋት ነው። ሻይ ጠጣሁ፣ ትኩስ። ሦስት እጅጌ ገጠምኩ። ክር ወደ አፌ የሄደችው አንዴ ብቻ ነው፣ ከንፈሬ ላይ ስትደርስ መለስኳት። ሐኪሟ "አሁንማ ክር በጥርስ አይበጠስም፣ በሌላኛውም ቢሆን" ያለችኝን...

አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ብርሃኑን ጋረደብኝ። ደንበኛ በዚህ ሰዓት?

ሚጢጢ ናት! በሥራ ቀን! ሻርፑ ጉንጯ ላይ፣ ዓይኗ አንገቴ ላይ።

"እዚህ በመጣሁ ቁጥር ሻይ የምትሸጥልኝ ጎረቤትህ ደወለችልኝ። ሳምንት ሙሉ ክር በመቀስ ቆረጠ አለችኝ። አላመንኳትም፣ በዓይኔ ላየው መጣሁ።"

መቀሱን አንስቼ አሳየኋት። አፌን ግን አልከፈትኩም።

"ለአራት ሰዓት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ። እጄን ትይዛለህ፣ አጎቴ። አንዲት ቀልድ ብትወጣህ ግን..."

ይህችን የምጽፈው ኮቴን በአንድ እጄ እየለበስኩ ነው። "አሁን ምን ይጻፋል!" ትለኛለች። የእግሯ ጣቶች ክፍት ጫማዋ ውስጥ ታጥፈዋል፣ ከዚህ ይታየኛል። ቆማለች ግን። መጣሁ...