ልጄ ትጦረኛለች

ይድረስ ለምወድዎት አባባ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ ምስጋና ለአላህ ደህና ነኝ።

የምሠራበት ሆቴል ለልማት ፈረሰ። አዲሱ ሲከፈት እንጠራችኋለን ብለውናል። እስከዚያው ጎተራ ሰፈር ጓደኛዬ ቤት ነኝ፤ በቃ፣ ጠዋት ጠዋት እንቅልፌን እጠግባለሁ።

አጎቴ ይመር ደውሎ ከሴፍቲኔት እርዳታው መሰረዝዎን ነገረኝ። ኮሚቴው «ጧሪ ያለው ገበሬ አይታቀፍም» ሲል፣ እርስዎ ብድግ ብለው «ልጄ ካዛንቺስ ሆቴል ትሠራለች፤ እሷ ትጦረኛለች» አሉ አሉ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

አባባ፣ አፈር ስሆን ተመልሰው ይሂዱና «ጧሪ የለኝም» ይበሏቸው። በሰው ፊት እንደሚከብድዎት አውቃለሁ፤ እኔ አልቀየምም። ደግሞ ዋሸሁ ብለው አይጨነቁ፤ አላህ አይጠይቅዎትም።

ዱዓዎ አይለየኝ፤ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

ልጅዎ ሉባባ