ትልቁ ድንኳን ለሌንሳ ይሰጥ

አቃቂ በሰቃ
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘአማኑኤል ተክሌ
ድሬዳዋ

ሰላም ነህ ወይ ብዬ አልጀምርም፤ ሰላም እንድትሆን አልፈልግምና። ሦስት ወር ሙሉ በስልክ «እማዬ፣ ጨጓራ ነው እኮ፣ በርበሬ ብቻ ተዪ» እያልከኝ እንቅልፍ ከወሰደህ፣ ዛሬ ይህን አንብበህ ተኛ እስቲ። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የምጽፈው። እምቢ ካልክ ከእንግዲህ ልጅ አለኝ አልልም። በስልክ ያልነገርኩህ፣ ነገር ሲጠብቅብህ «ኔትወርክ ነው፣ አይሰማም» ብለህ ስለምትዘጋብኝ ነው። ደብዳቤው በቤኪ እጅ ይደርስሃል፤ ከቃሊቲ ድሬ ዕቃ የሚያመላልሰው የአይሱዙ ሹፌር። እጅህ ላይ ሳያስቀምጥ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ።

አውቄአለሁ፣ ዘአማኑኤል። ቆሽቴ ላይ ካንሰር አለ።

ማን እንደነገረኝ ብታውቅ ያሳፍርሃል። የእድራችን ዕቃ ቤት ጠባቂ፣ አደሴ ነው። ጎረቤታችን ዳሲቱ ልጇን ሌንሳን በጥር ልትድር ነውና፣ የእድሩን ትልቁን ድንኳን ለመጠየቅ አብሬያት ሄድኩ። አደሴ ዓይኑ ስለደከመ ከኋላዋ መቆሜን አላየም። «ትልቁማ አይሆንም፤ የእትዬ አሰጋሽ ነገር እስኪለይለት ከዕቃ ቤት እንዳይወጣ ተብሏል» አላት። ዳሲቱ ዞራ አየችኝ። ፊቷን ሳይ የማላውቀው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ገባኝ። ከባጃጅ ተራው እስከ ወፍጮ ቤቱ ሰው ሁሉ ሞቴን ያውቃል። ድንኳን ተይዞልኛል። ያልሰማችው ሟቿ ብቻ ናት!

በማግስቱ ካርዴን ይዤ ብቻዬን ሆስፒታል ሄድኩ። ዶክተሩ ደነገጠ። «ለልጅዎ በጥቅምት ነግሬው ነበር፤ ለእናቴ እንዳይነገር ብሎ የለመነኝ እሱ ነው» አለኝ። ለፋሲካ እደርሳለሁ ወይ ብዬ ብጠይቀው ወረቀቱን አገላበጠ።

ከዚያ ጀግና የሆንኩ እንዳይመስልህ። ዘጠኝ ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። ፈራሁ። በአስፋልቱ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ቤቱ ሲንቀጠቀጥ፣ መጣ መጣ እያልኩ ፈራሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ሥር የቆምኩ ሴት፣ ከአልጋዬ ወርጄ ደጅ መውጣት ፈራሁ። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ደግሞ አንተ ያስጠናኸውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ «ጨጓራ እኮ ነው፣ አይዞሽ»። ታዲያ ማን ላይ ላልቅስ? ለጨጓራ ማን ያለቅሳል?

በዘጠነኛው ቀን ዳሲቱ መጥታ ሰርጉን ወደ ግንቦት እንዳዛወሩት ነገረችኝ። «ለምን?» አልኳት። «እንዲያው፣ ይመቻል ብለን ነው እትዬ» ብላ መሬት መሬት አየች። እኔ ቀድሜ እንድሄድላቸው ነዋ! ስትወለድ በእጄ የተቀበልኳት ሌንሳ፣ ለመዳር የእኔን ቀብር ትጠብቅ? እውነቱን ልንገርህ፣ ከዚያ አልጋ ያስነሣኝ ጸሎት አይደለም። ንዴት ነው።

ባለፈው እሁድ እድር ላይ ተነሥቼ ቆምኩ። ዳኛችን ጋሽ ቢቂላ «እትዬ አሰጋሽ፣ እኛ እኮ ለእርስዎ ክብር ብለን ነው» አሉኝ።

«ክብሬን ስሞት ታደርሱልኛላችሁ» አልኳቸው። «አሁን አልሞትኩም። ትልቁ ድንኳን ለሌንሳ ይሰጥ። ቀኑ ከተጋጨ ለእኔ ትንሹን ጣሉልኝ።»

አደሴ ከወደ ኋላ «ትንሹ ያፈሳል እኮ!» ሲል ጊዜ ሰው ሁሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፤ አመመኝ፣ ግን ሳቅኩ። ሰርጉም ወደ ቀኑ ተመለሰ። በነጋታው ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄጄ ቀይ ቀሚስ አዘዝኩ። አባትህ ከሞተ ጀምሮ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ፣ ቀለም ያለው ልብስ ገላዬ ላይ አርፎ አያውቅም። አሁን ሰው ያለውን ይበል።

ወደ ጠባችን ልመለስ። ይህን ውሸት ማን እንዳስተማረህ ታስታውሳለህ? አባትህ ሲታመም አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ክንድህን ጨምድጄ ይዤ «እሱ ፊት እንዳታለቅስ፤ ጨጓራ ነው በለው» ያልኩህ እኔ ነኝ። በሽታውን እንኳ አልቀየርክልኝም። አንተ ያልሰማኸው ግን አለ። ሊሞት ሳምንት ሲቀረው እጄን ያዘና «አሰጋሽ፣ ፈርቻለሁ» አለኝ። እኔ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? «ምን ያስፈራሃል፣ ጨጓራ እኮ ነው» አልኩት። እጄን ለቀቀው። ከዚያ ወዲያ ውሃ ስጪኝ ከማለት በቀር አላናገረኝም። ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።

እንግዲህ ስማ። ሰርጉ ጥር 18 እሁድ ነው፤ ቅዳሜ እንድትገባ። «ድሬ ወስጄ ላስታምምሽ» የምትለውን እዚያው ተወው፤ እኔ ሌንሳን ሳልድር የትም አልሄድም። እጨፍራለሁ፤ ሲያመኝ እቀመጣለሁ፤ ሲተወኝ እነሣለሁ። ስትገባ «ተሽሎሻል፣ ወዝሽ ተመልሷል» ካልከኝ፣ እመብርሃንን፣ በመጣህበት እግርህ ትመለሳለህ። መጀመሪያ የበሽታዬን ስም ጥራ። ከዚያ እጄን ያዝ። አባትህ ያለኝን እልሃለሁ። እኔ የመለስኩለትን ግን እንዳትመልስልኝ። ምንም አትበል፤ እጄን ብቻ አትልቀቅ።

አማኑኤል መንገዱን ያቅናልህ፣ ከክፉ ነገር ይሰውርህ። ከደረስክ በኋላ ያለውን ቁጣ እኔ አውቅበታለሁ።

እናትህ
አሰጋሽ

ቀሚሴ ቀይ ነው። ከበር ሆነህ ታየኛለህ።