እርጥብ በጎችና የሜሪን ትምህርት

ሄይ፣ አውስትራሊያ፣ ከበጎቹ መሃል
እሑድ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2013

እትዬ ኮራል፣ የኔ ደግ፣

ሆባርት እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ይኼ ተቀምጦ የሚጻፍ ወሬ ነው። መጨረሻውን ግን አስቀድሜ አልነግርሽም፤ እኔ ሐሙስ ዕለት የተንቀጠቀጥኩትን ያህል አንቺም ትንሽ ተንቀጥቀጪ።

የትምህርት ባለሥልጣኗ የምትመጣው ሐሙስ ነበር። ሜሪን እዚሁ ቤት መማሯን ትቀጥል እንደሆነ የምትወስነው እሷ ናት። አይሆንም ካለች ልጄ በጃንዋሪ መጨረሻ ወይ ያ አክስቶ የመለሰብኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ወይ አንቺ ጋ ትመጣለች። «አልጋዋን አንጥፌ እየጠበቅኩ ነው» ብለሽ ስትጽፊ ፍቅርሽ ገብቶኛል። «በአሥራ አራት ዓመቷ ትምህርት ያቋረጠች ሴት ደግሞ ምን ልታስተምር ነው?» ያልሽውም ገብቶኛል። አልተቀየምኩም። ደብዳቤሽን ብቻ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌው ከረምኩ።

እንግዲህ ተዘጋጀሁልሽ። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ፈገፈግኩት፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በዓለም ካርታ ሸፈንኩት፣ ልጅቷንም አስጠናኋት።

«የትኛውን ትምህርት ወደድሽ ሲሉሽ ሒሳብ፣ ታሪክ፣ ሳይንስ በይ። በጎች እንዳትዪ።»

«እማዬ፣ በጎች ትምህርት አይደሉም እንዴ?»

«ሐሙስ ቀን አይደሉም!»

ሰው ያስባል፣ ዝናብ ይስቃል። በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ የተባሉት ሸላቾች ጎረቤት ጋ ቶሎ ጨርሰው ረቡዕ ዱብ አሉብን። ለሐሙስ አጥቢያ ደግሞ ካፊያ ሲጥል አደረ። ሴትየዋ፣ ወይዘሮ ፔትሪ ይባላሉ፣ በነጭ ጫማቸው ጭቃውን አቋርጠው ሲደርሱ ቤቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ካርታው ተሰቅሏል፣ ተማሪ ግን የለም! እኔ መሸለቻው መጋዘን ውስጥ ለአምስት ሸላቾች ሻይ እቀዳለሁ። ሜሪን ደግሞ በበግ ቅባት የተነከረ የአባቷን ሱሪ ታጥቃ፣ የአባቷን ባርኔጣ እንደ ሙዳየ ምጽዋት ይዛ ቆማለች። ወይዘሮ ፔትሪ ጫጫታውን ተከትለው ገቡ።

«ምን እየተደረገ ነው?» አሉ።

ከሸላቾቹ ሽማግሌው ዱጋል፣ አፉ መቼም አያርፍ፣ «ተማሪዋ እኛን እየፈተነችን ነው፤ እርስዎ ወረፋ ይያዙ!» አላቸው።

ሜሪን ግን ኮስተር ብላ አስረዳቻቸው። «ዘንቦ ስላደረ ሁሉም ሁለት ሁለት በግ ይሸልትና ጠጉሩን በእጁ ያየዋል። ከዚያ ‹እርጥብ› ወይም ‹ደረቅ› ብሎ በቁራጭ ወረቀት ይጽፍና ባርኔጣው ውስጥ ይከታል። እርጥብ ካሸነፈ ሥራ የለም። እርጥብ በግ የሸለተ ሰው ይታመማል ይላሉ።»

ቆጠረች። ሦስት እርጥብ፣ ሁለት ደረቅ። የኔው ቨርን ሲናደድ ባርኔጣውን መሬት ላይ እንደሚወረውር ታውቂያለሽ። እጁን ወደ ራሱ ቢሰድ ራሱ ባዶ ነው።

«በገዛ ባርኔጣዬ!» አለና አንዷን ወረቀት መንጭቆ አወጣ። «ይኼ የማን እጅ ጽሑፍ ነው?»

ሜሪን ከእጁ ነጠቀችና ሁሉንም የሻይ ምድጃው ውስጥ ጨመረቻቸው። «አባዬ፣ ይኼ አይጠየቅም።»

«የበጎቹ ባለቤት እኮ እኔ ነኝ!»

«ለዚህ ነዋ የማይጠየቀው!»

ሸላቾቹ በፉጨት መጋዘኑን አናጉት። ወይዘሮ ፔትሪ የሱፍ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉና ደብተራቸውን አወጡ። «በይ ሜሪን፣ ዘንድሮ ከተማርሽው የቱን ወደድሽ?»

እኔ ከጀርባቸው ሆኜ ሦስት ጣት አነሳሁ። ሒሳብ፣ ታሪክ፣ ሳይንስ። አየችኝ፤ አየችኝና ፊቷን አዞረች።

«አንደኛ ግድግዳው» አለች።

እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። የቨርን አያትና አባት በየዓመቱ የተሸለተውን በግና በእርጥበት ምክንያት ሥራ የቆመበትን ቀን በእርሳስ የጻፉበትን ጣውላ ታስታውሺ የለ? እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሸረሪት ስጠርግበት ኖሬያለሁ። እሷ ከ1931 ጀምሮ ያለውን ሁሉ ገልብጣ ሥዕላዊ መግለጫ ሠርታለታለች። ሁለት ዓመት ባዶ ሆኖ ብታይ ለምን ብላ ከተማ ሄደች፤ የጦርነቱ መታሰቢያ ድንጋይ ላይ የዚያን ዘመን ሸላቾች ስም አገኘችው። ወይዘሮ ፔትሪ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ።

«ሁለተኛው አሁን ያዩት የድምፅ አሰጣጥ ነው። ሦስተኛው ክፍልፋይ።»

«ክፍልፋይ? ይኼ እኮ የትንንሾቹ ትምህርት ነው።»

«እማዬን ሳስተምራት ነው የወደድኩት። እስከ ማርች ድረስ የገባት መስላ ራሷን ትነቀንቅ ነበር።»

እትዬ፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። አለቀልን። ልጄ ሆባርት ስትወርድ፣ አንቺ በር ላይ ቆመሽ ስትቀበያት ታየኝ። እሷ ግን ማን ያስቁማት!

«ከዚያ ኬክ እየቆራረጥን ጀመርን። ለአራት፣ ለስምንት፣ ለአሥራ ስድስት። አንድ ቀን ‹እንዴ! ስፈራው የኖርኩት ይኼን ነው?› ብላ ስትጮህ ውሻው ከጠረጴዛ ሥር ሮጦ ወጣ። እኔም ያን ቀን ነው የገባኝ። አሠራሩን እንጂ ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር።»

«እውነቷን ነው» አልኩ። «አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ነው ያቆምኩት። እሷ አንድ ምዕራፍ ትቀድማለች፣ እኔ ከኋላ እሮጣለሁ።»

ዱጋል የሻይ ኩባያውን ከፍ አደረገ። «እንዴት ይዋሻል! ለኔ ስኳር የምትጨምረው ሦስት አራተኛ ማንኪያ አስልታ ነው!»

ወይዘሮ ፔትሪ ሳቁ። ብዙ ጻፉ። የሜሪንን ደብተሮች አንድ በአንድ አገላበጡ፣ ሻይ ደገሙ። በመጨረሻ፣ «ሁለት ዓመት እፈቅዳለሁ፤ ከዚያ በላይ መፍቀድ ስለማልችል ነው» አሉ።

ሁለት ዓመት፣ ኮራል! ሽርጤን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስኩ። ቨርን እንኳ እርጥቦቹን በጎች ረስቶ ልጁን አቅፎ አነሳት። በጎቹም አርብ ደርቀው ተሸለቱ፤ ማንም አልሞተም።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ወይዘሮ ፔትሪን መኪናቸው ድረስ ስሸኝ አንድ ቅጽ ሰጡኝ፤ ለዐዋቂዎች የአሥረኛ ክፍል ትምህርት፣ በተልእኮ፣ በፌብሩዋሪ የሚጀምር።

«ለማን ነው?» ብላቸው፣

«ለሌላዋ ተማሪ» ብለው ሞተራቸውን አስነሱ።

የዱቄቱ ቆርቆሮ ውስጥ ደበቅኩት። ዛሬ አውጥቼ፣ ዱቄቱን አራግፌ ሞላሁት። እማማ ስትታመም አንቺ ወደ ኮሌጅ፣ እኔ ወደ ጓዳ ሄድን። ቀለም የማይገባኝ እኔ መሆኔን ያኔ ሁላችንም ተስማማን፣ አይደል? ባርኔጣ ግን ማንም አላዞረም። ለወቀሳ አይደለም፣ እህት ዓለም። አንቺ ባትማሪ ኖሮ ዛሬ ማን ያርምልኝ ነበር?

ቅጹን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። በቀዩ እስክሪብቶሽ እዪልኝ፤ አትማሪኝ። ብቻ «ለምን መማር ፈለጉ?» የሚለው ጋ የጻፍኩትን አትንኪብኝ። ቢጎረብጥም እንዳለ ይሂድ።

ያነጠፍሽው አልጋም ከንቱ አይቀርም፤ ሜሪን በጃንዋሪ ለዕረፍት ሁለት ሳምንት ትመጣልሻለች። ክፍልፋይ ላስተምርሽ ካለችሽ እሺ በያት።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ጣሪያሽ አያፍስስብሽ፣ ባሕሩም ደግ ንፋስ ይላክልሽ።

ታናሽሽ
ግሌኒስ