አንቀጽ አሥራ ሰባት

ሆሳዕና፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለሚክያስ፤

ይህ ወረቀት በሰላም ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእናትህ ደም ግፊት ወርዶላታል። እኔን ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ ብሎኛል፤ የማኅበሩን ቢሮ ከናስረዲን ሱቅ ፎቅ ላይ ያደረግኩት እኔው ስለሆንኩ ማንን እወቅሳለሁ? ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜ ገብቷል። ከተማው ጭቃ በጭቃ ነው፤ ባጃጆቹ ሲያልፉ ልብስህን አቡክተውት ነው የሚሄዱት። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ደኅና ናቸው፤ ሁሉም ስለ አንተ ይጠይቃሉ።

ደብዳቤውን የምታመጣልህ ሊሻን ናት፤ የናስረዲን እህት ልጅ። ሕፃን ሆና ታውቃታለህ፤ አሁን እዚያው ደርባን ላለው እጮኛዋ ልትዳር ሐሙስ ትበራለች። ደርሳ ስትደውልልህ እባክህ ስልኩን አንሳላት። እሷ ምንም አታውቅም።

ነገር ሳላዞር ልጻፍ። ግንቦት ላይ ደርባን የአፍሪካ የብሪጅ ካርታ ጨዋታ ውድድር አለ፤ ብሔራዊ ቡድናችን ይመጣል። እኔም ሊቀመንበርም የቡድን መሪም ሆኜ ልመጣ ነበር። ነበር ነው ያልኩህ። እናትህ ይህን ከሰማች ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቡላ ስታስደርቅ፣ በሶ ስታስፈጭ፣ ሹራብ ስትጨርስልህ ከረመች። እኔ ደግሞ ማታ ማታ የምነግርህን እያሰብኩ ነበር የምተኛው። ፊት ለፊት ተቀምጬ ልነግርህ ነበር የፈለግኩት። አልሆነም፤ ያልሆነበትን ምክንያት ስትሰማ ትስቅ ይሆናል። ሳቅ፤ ይገባኛል።

በመጀመሪያ ግን የቆየውን።

የዛሬ ስድስት ዓመት ለጆሃንስበርጉ ውድድር ስድስት ተጫዋች ስንመርጥ፣ «ኮሚቴው አልተቀበለህም፤ የሊቀመንበር ልጅ ነው አሉ» ብዬህ ነበር። ውሸት ነው ልጄ። ኮሚቴው ስምህ ሲነበብ አንድ ሰው እንኳ አልተቃወመም። ሪሀና ያኔ ገና ጸሐፊ መሆኗ ነበር፤ «ሚክያስ ካልሄደ ማን ሊሄድ ነው?» ብላ ሳቀች። እኔ አባትህ ስለሆንኩ ድምፀ ተአቅቦ አደረግሁ። ቃለ ጉባኤው ተፈረመ። ዝርዝሩን ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ለኤምባሲው መላክ የእኔ ሥራ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ቢሮ ገባሁና የአንተን ስም ትቼ የባፈናን ጻፍኩ። ለእነሱ «ሚክያስ ራሱ ይቅርብኝ አለ፤ ከሥራ ፈቃድ አልሰጡትም» አልኳቸው። ለአንተ ደግሞ ያልኩህን ታውቃለህ።

ለምን? ይህን ጥያቄ ለራሴ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት ብነግርህ። ያን ሰሞን ሆሳዕና ከደቡብ አፍሪካ ሌላ ወሬ አልነበራትም፤ ልጅ ያልሄደበት ቤት የለም። «መምህር ወልደኪዳን ካርታ ጨዋታ እያለ ልጁን አሻገረ» እንዳይባል ፈራሁ። ለሰው ሲነገር የሚያምረው ይሄ ነው፤ እኔም ብዙ ዓመት ለራሴ የነገርኩት ይሄንኑ ነው። ግን ወሬውማ ያልፍ ነበር። እኔ የፈራሁት አንተ እንዳትመለስ ነው። የወለድኩትን ልጅ አላመንኩትም። ደግሞም፣ አፈር ልብላልህ፣ ከአሥራ አራት ዓመትህ ጀምሮ ጨዋታ ላይ ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው አንተ ነህ። ብሪጅ ለብቻ የሚጫወቱት ነገር አይደለም፤ ከፊትህ ያለው ሰው ምን እንደያዘ ሳያሳይህ፣ ሳይጠቅስህ፣ አምነኸው ነው የምትጫወተው። እኔና አንተ ደግሞ እንተማመን ነበር። «እሱ ከሄደ ፊት ለፊቴ ማን ይቀመጣል?» አልኩ። በቃ። ለዚህ ነው ስምህን የዘለልኩት።

ባፈናን የመረጥኩትማ አስቤ ነው። አርባ ሁለት ዓመቱ፣ የአራት ልጆች አባት፣ ሞርሲቶ ላይ ወፍጮ ያለው ሰው። እሱ ካልተመለሰ ማን ይመለሳል? ጆሃንስበርግ በገባን በሁለተኛው ቀን ጠዋት «ሲም ካርድ ገዝቼ መጣሁ» ብሎ ከሆቴሉ ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ እየገዛ ነው። ኋላ ስንሰማ ታላቅ ወንድሙ እዚያው ሱቅ ከፍቶ ሲጠብቀው ኖሯል። እኔን ጨምሮ ሰባት ሆነን ሄደን ስድስት ሆነን ተመለስን፤ የአዲስ አበባ አባሎቻችን ማብራሪያ ስጡ እየተባሉ ኤምባሲ ደጅ ላይ ወር ሙሉ ተንከራተቱ። እኔም በንዴት ተቀመጥኩና በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ በገዛ እጄ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። አንቀጽ አሥራ ሰባት፦ «ውድድሩ በሚካሄድበት አገር የቅርብ ዘመድ ያለው ማንኛውም አባል፣ ሥልጣኑ ምንም ይሁን ምን፣ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር አይጓዝም።» ያቺን «ሥልጣኑ ምንም ይሁን ምን» የምትለዋን ሌላ ሰው አላሰባትም፤ እኔ ነኝ ያስገባኋት። ጉባኤው አጨበጨበልኝ።

አንተ የባፈናን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አይተህ መጣህ። በር ላይ ቆመህ «አባዬ፣ እኔ እኮ እመለስ ነበር» አልከኝ። እኔ ከወረቀቴ ቀና ሳልል «እሱን ለኮሚቴው ንገር» አልኩህ። እንዲህ ብዬ መለስኩልህ! ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በሞያሌ በኩል ወጣህ፤ እኛ የሰማነው ናይሮቢ ከገባህ በኋላ ነው። ከዚያ ታንዛንያ ተያዝክና ሰባት ወር ድምፅህ ጠፋ። ያን ሰባት ወር አልጽፈውም፤ እናትህ እንዴት እንደሆነች እኔ አይቻለሁ፤ አንተ ደግሞ ያየኸውን አይተሃል።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቆጣ። እሑድ እሑድ ለእናትህ ስትደውል ስልኩን ስፒከር ላይ ታደርገዋለች። እኔ አጠገቧ ነኝ። እኔ ስናገር መስመሩ እንደሚቋረጥ ስላየሁ አልተነፍስም። የቀኝ እጅህ ሁለት ጣቶች እንደማይታጠፉልህ ስትነግራት የሰማሁት እንደዚያ ሆኜ ነው። ከቤት ወጥቼ እስከ መናኸሪያው ድረስ በዝናብ ሄድኩ። አሥራ ሦስት ካርታ እንዴት ይይዝ ይሆን እያልኩ ነበር የምሄደው። አየህ፣ ያኔ እንኳ ያሰብኩት ካርታ ነው። በምን እጁ ይጎርስ ይሆን ማለት ነበረብኝ።

አሁን ወደ ቅዳሜው ጉባኤ ልምጣ። መቼም ብሔራዊ ማኅበር ሲባል ትልቅ ነገር የሚመስለው አለ። አንተ ታውቀዋለህ፤ የሒሳብ አስተማሪዬ የነበረው ሕንዳዊ ለስድስት ተማሪ ያስተማረው ጨዋታ ነው አድጎ ማኅበር የሆነው፤ ጽሕፈት ቤቱም ሆሳዕና የቀረው ሌላ ቦታ ኃላፊነቱን የሚወስድ ስለጠፋ ነው። ያም ሆኖ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከዱራሜና ከሺንሺቾ መጥተው፣ ከእኛ ጋር አሥራ ሁለት ድምፅ ሰጪ ሆነን ተቀመጥን። ሪሀና የተጓዦቹን ስም ታነባለች። «የቡድን መሪ፣ መምህር ወልደኪዳን» አለችና ቆመች። መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየችኝ።

«ጋሼ...»

«ምነው?»

«አንቀጽ አሥራ ሰባት አለ እኮ። ሚኪ እዚያ ነው ያለው።»

ወይ ጉዴ! እመነኝ፣ ጭራሽ ትዝ አላለኝም ነበር። ሁለት ሳምንት ሻንጣ ሳዘጋጅ፣ ስንት ሰው በዚያ አንቀጽ የመለስኩ ሰውዬ፣ የራሴን ነገር አንድም ቀን ከእሱ ጋር አላገናኘሁትም። ናስረዲን ነው ቀድሞ የተናገረው። «ምን ያስጨንቃል? የራሳችን ወረቀት አይደለም እንዴ! አባት ልጁን ሊያይ ነው። አሁኑኑ እጅ እናውጣና እናንሳው» አለ። ደንብ ለማሻሻል ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ከአሥራ ሁለት ስምንት ማለት ነው። ሪሀና ቆጠረች። ሰባት። የአዲስ አበባዎቹ አላነሱም፤ ያን ወር ስላልረሱት አልፈርድባቸውም። ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል። ስምንተኛው እጅ የእኔ ነበር።

አላነሳሁትም።

«ለልጄ ያላነሳሁትን እጅ ለራሴ አላነሳም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ። የሺንሺቾው ሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ። አልዋሽህም፣ ደረቴን ነፍቼ ነው ደረጃውን የወረድኩት፤ ጉልበቴ እንኳ አላመመኝም። አሁን ለአንተ ሒሳቡን ከፈልኩ፣ ፍትሕ ሠራሁ፣ ልጄ ቢሰማ ይኮራብኛል እያልኩ ቤት ደረስኩ።

እናትህ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣ ከወዲሁ ዚፑን እየዘጋች ነበር። ነገርኳት። ጉባኤው እንዴት እንዳዘነ፣ እኔ ምን እንዳልኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት።

«ያኔ ልጁን ሰረዝክ፤ ዛሬ ደግሞ አባቱን ሰረዝክበት» አለችኝ።

ክው ነው ያልኩት። የዚያን ጊዜውን ቃለ ጉባኤ ከመጻሕፍቴ መሀል አግኝታ አንብባው ኖሯል፤ ካነበበችው አራት ዓመቷ ነው። አራት ዓመት እያወቀች ቁርሴን አቅርባልኛለች። «ለምን ዝም አልሽ?» ብላት «አንተ ራስህ እስክትነግረው ስጠብቅ» አለች። ከዚያ ሻንጣውን መልሳ ከፈተችና ቡላውን፣ በሶውን፣ ሹራቡን አንድ በአንድ እያወጣች ወደ ሊሻን ዕቃ አዛወረችው። የእኔን ሸሚዞች አልጋው ላይ ጥላቸው ወጣች። ልጄ፣ እኔ ለራሴ ስም ስል ሁለት ጊዜ አንተን አስከፍያለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ደግሞ ጭራሽ ለአንተ ያደረግሁት መስሎኝ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሪሀና ፋርማሲ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ የዝርዝሩን፣ የማኅተሙን፣ ለእነሱ የዋሸሁትን። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ሰማችኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ‹ለአገሩ ተመርጦ እንዴት እምቢ ይላል› ብዬ እስከ ዛሬ ሚኪን ተቀይሜው ነበር» አለችኝ። ዕድሜ ለእኔ፣ ይህን ያህል ዓመት የምትወድህን ልጅ ሳይቀር አስቀይሜብሃለሁ። አንድ ሰውዬ መድኃኒት ሊገዛ ገባ፤ ለእሱ ክኒን እየቆጠረች፣ ቀና ሳትል የተጓዦች ዝርዝር እስከ ሚያዝያ ሃያ እንደማይዘጋ፣ የእኔን ድምፅ ተአቅቦ ብላ እንደመዘገበችው፣ ከፈለግሁ ጉባኤው በስልክም ቢሆን እንደገና ሊቆጥር እንደሚችል ነገረችኝ።

ያደረግሁትን ለጉባኤው ሳልናገር ግን እጄን አላነሳም። ስናገር ደግሞ ሊቀመንበርነቱን እለቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያ ወንበር የእኔ አይደለም። እውነቱን ሲሰሙ እነዚያ ሰባት እጆች ሁሉ ላይነሱልኝ ይችላሉ። ይሁን። እሱን እኔ እችለዋለሁ።

ቆይ ግን፣ አሁንም ብቻዬን ወስኜ በርህ ላይ ድንገት እንዳልቆም ፈራሁ። ፊቴን ማየት አትፈልግ ይሆናል። ደርባን ያለችውን ሱቅህን ዘግተህ ከእኔ ጋር ለመቀመጥ የማትፈልግበት ምክንያት በሙሉ እዚህ ወረቀት ላይ አለ፤ በገዛ እጄ ጻፍኩልህ። ስለዚህ መልስህን ለእናትህ ንገራት። አትምጣ ካልከኝ አልከራከርህም፤ ማንንም አማላጅ አልክብህም፤ ስለ ጉባኤው ግን የገባሁትን ቃል አንተ ብትፈልገኝም ባትፈልገኝም እፈጽመዋለሁ።

እግዚአብሔር ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርህ። ሱቅህን ከእሳትና ከዘራፊ ይጠብቅልህ። እጅህን ይባርክልህ፤ በሰው አገር ሰው አያሳጣህ። እናትህ ጉንጭህን ትስማለች፤ ከሹራቡ ኪስ ውስጥ ያስቀመጠችልህን እንዳትጥለው ብላሃለች፤ ምን እንደሆነ ለእኔ አልነገረችኝም።

ያኔ ሳልጠይቅህ ወሰንኩብህ። አሁን እየጠየቅሁህ ነው ልጄ። ልምጣ?

አባትህ
ወልደኪዳን