ውሃ ለጠየቀ ሰው

አባዬ፣

ከተለየኸን ወዲህ ይህ ሁለተኛው የቡና ለቀማ ነው። አንተ ያለህበት ሰላም እንደሆነ አምናለሁ። እኔ ግን ሰላም የለኝም፤ ይህችን ልጽፍልህ ቁጭ ባልኩ ቁጥር እነሳለሁ።

ቀፎዎችህ አሉ፣ ወንድሜ ዛፍ መውጣቱን ለምዷል። እማዬን ቦንጋ ወስጄ ጉልበቷን አሳይቼ መጣሁ፣ ትንሽ ተሽሏታል። የወንድሜ ትንሿ ልጅ ግን ተቅማጡ አልለቃት ብሎ ከስታለች። ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ከወንዙ አትጠጡ አሉን፤ ከየት እንደምንጠጣ ግን አልነገሩንም።

የቡና ማጠቢያው ሰዎች ምንጫችንን ሊለምኑ የመጡ ቀን ትዝ ይልሃል? በመንደሩ ስም የተናገርከው አንተ ነበርክ። ውሃ ለጠየቀ ሰው አይከለከልም ብለህ ሰጠሃቸው፣ ማርም አቀረብክላቸው። ለእኛስ ምን ታደርጋላችሁ ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለህ። ቧንቧቸው በደጃችን አልፎ ሄደ፣ ለእኛ ወንዙ ቀረልን። አሁን የቡናው እጣቢ የሚለቀቀው እዚያው ወንዝ ውስጥ ነው። ለቀማ ሲደርስ ውሃው ይጠቁራል፣ ሽታው እቤት ድረስ ይገባል። አንተ እስክትሞት ድረስ አልተቀየምካቸውም። እኔ ግን በጣም ነው የተቀየምኩት አባዬ።

ሰሞኑን ደግሞ ተመልሰው መጡ። ጫካው ውስጥ፣ ቀፎዎችህ አጠገብ ያለውን ምንጭ ጨምሩልን አሉ። ሽማግሌዎቹ እሺ ሊሉ ሲሉ ብድግ አልኩ። አንከለክላችሁም፣ መጀመሪያ ግን ከወሰዳችሁት ምንጭ ለመንደሩ ቦኖ አውጡልን፣ እጣቢያችሁንም ከወንዙ አርቁልን አልኳቸው። አንዱ ሽማግሌ የእሱ ልጅ ሆና ለውሃ ዋጋ ትጠራለች ብሎ ሲያጉረመርም ሰማሁት። እማዬም ከዚያ ቀን ጀምሮ በቅጡ አታናግረኝም።

ሰዎቹ ተማክረን እንመጣለን ብለው ሄዱ፣ እስካሁን ድምፃቸው የለም። መኪና በሰማሁ ቁጥር ወደ በር እሮጣለሁ። ልጅቷ ስትተኛ ሆዷን እዳብሳለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ። አንተ ብትኖር ትቆጣኝ ነበር ወይስ ከጎኔ ትቆም ነበር? ይህን ባውቅ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ደግነትህን አልረሳም፤ ቤትህም እንግዳ ይቀበላል። ሲመለሱ እንደ አንተ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ከቀፎህ ማር አቀርብላቸዋለሁ። እጃቸውን የማስታጥባቸው ግን ከወንዙ በቀዳሁት ውሃ ነው።

ልጅህ